ሁለት ዙር፣ አንድ ክር

ቱርኩ ላይ ኅዳር ነው፤ ገና በዘጠኝ ተኩል መብራት ይበራል፣
አውራ ወንዝ ላይ ዝናቡ በረዶ ልሁን አልሁን ይላል።
ኬርቱ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ከማሞቂያው ብረት አስደግፋ፣
የኡርሆን ማስታወሻ ታነባለች፣ ሦስተኛ ጊዜ፣ ቅንድቧን ቋጥራ፣ አኩርፋ፦

«መርከቧ ደርሳለች ይላል መዝገቡ፤ መስኮቱ ግን ጭጭ።
ማውሱን ስነቀንቅ ብቻ ስሟ ይመጣል ብልጭ።
ሌሊት እጄን ኪሴ ከትቼ ስጠብቅ፣ ምንም።
አስተካክሉት፤ እኔ የወደብ ተረኛ ነኝ፣ ማውስ ነቅናቂ አይደለሁም።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።
«ቃሉማ ተፈጽሟል» አለች፣ «የሚጠብቀው ነው ያልሰማው።»

ሁለት ዙር አለ በአንዲት ፕሮግራም ሆድ ውስጥ።
አንዱ መስኮት ይሥላል፣ የጣትን ኮቴ ያደምጣል፤
ሌላው ከሽቦ፣ ከፋይል፣ ከሩቅ ወሬ ይለቅማል፤
የሚሄዱበት ክር ግን አንድ ነው፤ አንዱ ሲራመድ አንዱ ይቆማል።
በመሃል ጥቃቅኑ አለ፣ ከሥራ ሁሉ ጫፍ የሚንጠባጠብ፣
ቀጣዩ ሳይጀመር መጠረግ ያለበት።
ማን ይጥረገው? ይኼ «ያ አለ» ይላል፣ ያም «ይኼ አለ»፤
የሁለቱም ሥራ ሆነና የማንም ሳይሆን ዋለ።

ማክሰኞ «እንግዲያው ሁለቱም ይጥረጉ» ብላ ሞከረች፤
ገና ግማሽ በተሣለ መስኮት መሃል ቃል ዘሎ ገባ፣ ፕሮግራሟ ወደቀች።
ረቡዕ አንዱን ብቻ ሾመች፤ ሹሙ ተኛ።
ሐሙስ ጥቁር ዳቦዋን ሳትነክስ ትታ ወጣች፣ አላናገረችንም እኛን።

ዓርብ ማታ አንዲት ቁጥር ጻፈች፤ ሥራ ሲገባ ትጨምር፣ ሲወጣ ትቀንስ፣
ዜሮ ስትደርስ ይጠረግ፤ ከዚያ በፊት ግን ማንም አያስነጥስ።
ሌላ ክር ደግሞ አስቀመጠች፣ ከሁለተኛው ዙር ደጃፍ የሚያንቀላፋ፣
ወሬ ሲመጣ የፊተኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ የሚጠፋ።

«አሁን ማውሱን እንዳትነካ!»
እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው፤
እኔም የኔን ብብቴ ሥር፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ቅጣት እንዳለባቸው።
ማሞቂያው ተንቋቋ።
ለወንድሜ የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ፤ ገንዘቡ ከተዘጋጀ ወር አልፎታል፣
ሰው እስኪነቀንቀኝ
መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

መስኮቱ ባዶ። ባዶ። ከዚያ የመርከቧ ስም፣ «ቬላሞ»፣ በትንሽ ፊደል፣ በአረንጓዴ።
ኬርቱ እጆቿን አላወጣችም፤ «ቆይ» አለች፣ «ይደገም፣ ሌላ አንዴ።»

ኡርሆ «ሠራ» ብሎ መለሰ። ሌላ ምንም።
ስንወጣ ፎሪ፣ ያቺ ብርቱካንማ ጀልባ፣ ወዲያ ማዶ ነበረች፤
ተሳፋሪ የላትም፣ እኛም አልጠራናት።
ሰንሰለቷ ተንቀጫቀጨ፤ ባዶዋን ተነሥታ መጣች።