ሳትተኙ ንቀሉት

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት፤ ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
ነፋስ ከየገመዱ የሰው አንሶላ ይዞ ሄዶ፣
ከሦስት ቀን በኋላ መብራት መጣና
«እሰይ!» አለ ብሎኩ፤ ያን ጊዜ ሆነ ገና።

ሦስት ጥቅል አለን። አንዱ የዘንድሮ፣
ከመርካቶ የመጣ፣ በላስቲክ ታስሮ።
አንዱ የአምናው ነው፣ አልጋ ሥር የከረመ፤
አንዱን እህቴ ሰጠችኝ፣ ግማሹ የታመመ።
ትርሲት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወለሉ ላይ ተዘርግታ
የአንዱን ጅራት ከአንዱ አፍ ታጋጥማለች ተደስታ፤
«ከመስኮት ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ታች፣
እነ ሲፈን ቤት ይደርሳል!» ትላለች።

እኔ ምን አውቃለሁ?
ገላን ፋብሪካ፣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል እውላለሁ።
እኔ የማውቀው ክር መቀጠል፤
ክር ደግሞ ቢበጠስ ሰው አይገድል።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዘርጋው፣ ከምድር ቤት፤
በፒጃማ ላይ ካፖርት፣
በኪሳቸው ካቻቢቴ፣ በእጃቸው ናስትሮ፤
ሠላሳ ዓመት ለመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ ተኑሮ
ጡረታ ሲደርስ ሰባት ጣት የቀራቸው።
«መስኮታችሁን አይቼ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠራቸው።

«ይቀመጡ» ብል እምቢ። ስፒናውን ነቀሉት።
«መጀመሪያ ይሄ ነው። በሕይወት እያለ አትንኩት።»
ከዚያ መነጽራቸውን አፍንጫ ጫፍ ሰቅለው፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ መስመሩን በጣት ተከትለው፣
አምፖል ባምፖል ሄዱና
የአምናው ላይ ቆሙ። አይጥ ልጣዋለችና።
መዳቡ ራቁቱን፣ እንደ ክፉ ጥርስ።
«በናስትሮ ብጠቀልለውስ?»
«ናስትሮ አንቺን ያጽናናሻል እንጂ ሽቦውን አያድነውም። ጣይው።»
የእህቴን አነሡ፣ አገላበጡት። «ይሄ የድሮ አምፖል ነው፣
እሳት የሚበላ። ከአዲሱ ጋር አታጋቢው፤
አንዱ ሲስብ ሌላው ይቃጠላል።»

ትርሲት ከንፈሯን ጣለች። «አንድ ብቻ?»
«አንድ ብቻ። በረንዳም አይወጣም።
የቤት ልጅ ነው፤ ጤዛ አይችልም።
ምንጣፍ ሥር አትቅበሪው፣ በምስማር አትቸንክሪው፣
ከመጋረጃው አርቂው፣ ምድጃው ያለበት ማከፋፈያ ላይ አትደርቢው።
መብራት ሲሄድ ደግሞ ንቀይ፣ ተሰክቶ አይጠብቀው፤
የሄደ መብራት ሲመለስ ተቆጥቶ ነው የሚመጣው፣
እንደ ሰካራም አባወራ በር ገንጥሎ ነው የሚገባው።»

«ጣትዎን ምን በላው?» አለች።
ቆነጠጥኳት። ዘግይቻለሁ።
እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው እንደ ደረሰኝ አሳዩዋት፦
«ሞቷል የተባለ ሽቦ። ሰበታ፣ ሐምሌ፣ ዝናብ።
ዘግተናል ውጣ፣ አሉኝ። ወጣሁ። አልዘጉም።
ሰው ዘግቻለሁ ቢልሽ፣ ልጄ፣
ሄደሽ ሳታዪ አትውጪ።»

በቀለም ባልዲ፣ በድንጋይ ያቆምናት የጽድ ቅርንጫፍ
አንዱን ጥቅል ለበሰች፣ ከግንዷ እስከ ጫፍ።
ሰኩት።
መቶ ቅንጣት ዓይን ባንድ ጊዜ ተገለጠ፤
የትርሲት ፊት ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ተለዋወጠ።
ጋሽ ዘርጋው ዛፉን አላዩም።
ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጀርባ ስፒናውን ዳበሱ፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ፤
«አልሞቀም» አሉ፤ ወጡ።

ጎረቤቴ ባንቺአምላክ ደረጃ ላይ ነገረችኝ፦
አምና ብሎክ አሥራ ሰባት መጋረጃ ሲያያዝ
ባልዲ ውሃ ይዞ የሚሮጥ ጎረምሳ ነበር አሉ፤
ጋሽ ዘርጋው በጥፊ መለሱት፣
ቆጣሪውን ዘግተው፣ ከግንበኞች ክምር አሸዋ አፍሰው አጠፉት።
ልጁ እስከ ዛሬ ሰላም አይላቸውም።

ከምሽቱ አራት ሰዓት። ግቢው ውስጥ ካፖርት ቆሟል፤
ቀና ብሎ ብልጭ የሚለውን መስኮት ሁሉ ይቆጥራል።
ሰባት ጣት ለአንድ ብሎክ አይበቃም፤
ሲያልቅበት ካውራ ጣት ይጀምራል፣ አይሰለችም።
«ሃያ ሁለት ቁጥር! ሳትተኙ ንቀሉት!»
አንዱ ተሳደበ፤ አንዱ ሳቀ፤ ግን ነቀሉት።

ትርሲት የኛን ነቀለች፤
ስፒናውን በጡጫዋ ይዛ ተኛች፣
ማንም እንዳይሰካው።

ነፋሱ ቀረ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንሶላ ሲያራግብ።
ከሁሉም መጨረሻ ነው
የምድር ቤቱ መስኮት የጨለመው።