ከቅጠሉ ጀርባ

የውሻው ስም «ምናገባህ» ነው። ያወጣችለት ውድነሽ ናት፤
በቧንቧ ተራ፣ ከአጥር ማዶ ሰውዬ ጋር ተጣልታ፣
ስትጠራው እሱ እንዲሰማ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ማታ ማታ።
ሰውዬው ሞተ። ቧንቧው ደረቀ። ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ።
ኋላም ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ የእሷም በር ተቆጠረ፤
ኮዬ ደረሳት፣ አራተኛ ፎቅ። ውሻው ፈራ ደረጃ፣
ፈርኑም እዚያ ንፋስ አይችል። «አንተ ያዝልኝ» አለች፤ እንጃ፣
ለሳምንት ይሁን ለዘላለም ሳትለይልኝ ቀኑን፣
አራት ኪሎ፣ በላዳ ጭና፣ አመጣችልኝ ሁለቱን።

እሷ ጠራዥ፣ እኔ አራሚ፣ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት፤
ያረምኩትን እሷ ሰፍታ፣ የሰፋችውን እኔ አይቼበት፣
ከ«እንደምን አደርሽ» አልፌ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ
ጡረታ ወጣን። ይኸው ነው። ወደ ውሻው ልመለስ።

ማክሰኞ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማ ፍለጋ ስዳክር፣
ከመስኮቱ ሥር ወረቀት የሚቀደድ መሰለኝ፤ ሽርክት፣ ሽርር።
በስልኬ ባትሪ ባየው፣ ምናገባህ ከፈርኑ መሃል
አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ቁጭ ብሎ ያየኛል።
ወዲያው አስመለሰው።
ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝ። ለዶክተር ልሳነወርቅ ደወልኩ።
«ውሻ ፈርን በላብኝ፤ መርዝ ነው? ይሞታል?» አልኩ።
«የውሻው ስም ማነው?» አለኝ። «ምናገባህ» አልኩት በቀጥታ።
ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ።
«ኧረ ስሙ ነው!» ብዬ ሳስረዳ፣ ሳቀና፣
«የቅጠሉንስ ስም ማን አወጣው?» አለና፦
«ፈርን የሚሉት ብዙ ነው። እንደ ክር የቀጠነ፣ እሾኽ ያለው፣
ቀይ ፍሬ የሚያፈራው አለ፤ እሱ በስም ብቻ ፈርን ነው፤
የውሻ ሆድ ይረብሻል። የጫካው አለ፣ ዳሩን ጠቅልሎ
ዱቄቱን የሚደብቅ፤ ከብት ይገድላል ውሎ አድሮ።
ይኼ የቤቱ፣ ሰይፍ የሚመስለው፣ ሆድ ቢያጥብ እንጂ አይጎዳም።
ስሙን ተወው፤ ገልብጠህ እየው፤ ጀርባ ውሸት አይለምድም።»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ።
መልአኩ ቧንቧ ተራ ቆሞ አያውቅም።

ተንበረከክሁ። ገለበጥኩት፣ ስልኩን በጥርሴ ነክሼ።
እሾኽ የለም። ፍሬ የለም። ጣቴን ሰደድኩ ዳብሼ፤
ቡናማ ነጥብ፣ በየቅጠሉ፣ ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣
ሁለት ሁለት፣ ሁለት ሁለት፣ የተለቀመ ይመስል ድሮ
በእርሳስ ፊደል።
ሁለት ነጥብ!
ከቃልና ከቃል መሃል እናኖራት የነበረች፣
ኋላ ግን «ቦታ ትፈጃለች» ተብላ የተነቀለች፤
ስንት ሺህ ነቅያለሁ በዚህ እጄ።
እዚህ ኖሯል የሸሸችው፣ ከተቆረጠ ጀሪካን፣ ከፈርን ሥር።
ቃሎቹ የት እንደሄዱ እንጃ። ነጥብ ብቻ፣ መስመር በመስመር።

«ነጥብ አለው» አልኩ። «እንዴት ያለ?» «ለየብቻ፣ በተርታ።»
«እንግዲያው ውሃ ስጠውና ተኙ፣ ሁለታችሁም፣ በቃ!»

እሱ አንኮራፋ። እኔ አልተኛሁም።
ሲነጋ ምስማርና መዶሻ ይዤ ልሰቅለው ነበር፤ ተውኩት።
ሣር እንኳ በልቶ የማያውቅ ውሻ ነው፤
ከጀሪካኑ አፈር የእሷ እጅ ሽታ ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል።

ኮዬ ደወልኩ። ውጭ ረዳቱ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ይላል።
«ውሻው ቅጠል በላ፤ አይጎዳውም ተብሏል።»
«ፈርኑስ?» አለች።
«ያቆጠቁጣል።»
«አንተስ?» አለች።

ውሻው ጆሮውን አቆመ።
ከሁለት ነጥብ ቀጥሎ የሚገባ አንድ ቃል ፈለግሁ።