ከሰንጠረዡ ግርጌ

ነሐሴ ነው ደምበጫ፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፤
አንሙት ጣራ ወጥቶ ዲሹን ያዞራል።
«መጣ ወይ?» ይለናል፤ «መጣ!» እንላለን፣
«ሄደ!» እንላለን ደግሞ፣ ሻያችን ሳይበርድብን።

ያህጉሩ ውድድር መክፈቻው ነበረ፤
ትልልቁ አገር ቀድሞ በሰልፍ ተሰደረ፤
ካንዱ ባንዲራ ኋላ ሁለት መቶ ሰው፣
ካንዱ ሦስት መቶ፣ አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው።
የኛ ልጆች ሲያልፉ ጠረጴዛ መታን፣
አንድ ብርጭቆ ሰበርን፣ ሒሳቡን ተጋራን።

ከዚያ አንዲት ደሴት መጣች፤
ስድስት ሰው፣ ሐኪሙን ቆጥራ፣ አሰልፋ ወጣች።
ጋዜጠኛው ስሟን አጠበቀና ጠራው፤
ደግሞ ጠረጠረ፣ አላልቶ ደገመው፤
በሦስተኛው አፍሮ ወሬ አቀያየረ፣
ስለ ስታዲየሙ ጣራ ቀባጠረ።

«ይሄማ» አለ ይርሳው፣ «ከደቅ መች ይሰፋል?
ሕዝቡ ሰርግ ቢጠራ ዳስ መቼ ይሞላል?»
ሻይ ቤቱ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም።

በሰባ ስድስት ነው፤ ላውራጃው ጨዋታ
ከገበሬ ማኅበራችን ጠቅላላ ስጦታ
እኔ ነበርሁ፤
ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጨብጬ
ማርቆስ የገባሁት ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ።
ያንድ ፖሊስ ከስክስ ተውሼ ወረወርሁ፣
አሎሎው ክፉ አልነበር፤ ስምንተኛ ሆንሁ።
(ከስምንት።)
መዝጋቢው መጣና «ከየት ነህ?» አለኝ፤
ነገርሁት። ብዕሩን ላሰ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤
ያገሬ ስም ከወረቀቱ ረዘመበት መሰል፣
«ሌሎች» ብሎ ጻፈኝ።
ሰው አንድ ሆኖ ሳለ «ሌሎች» ሲባል ያን ቀን አየሁ።

ከይርሳው ግድግዳ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣
ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ ተብሎ በጠመኔ የተከፈለ።
«ደሴቷን ጻፋት» አልሁት።
«ምን አግኝታ?»
«ምንም።»
«ደግሞስ ስሟ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»
«ጻፈው እንጂ! በፊደል ማን ያውቅብሃል?
እኛ ስንጽፍ እኮ መጥበቅ መላላት የለም።»
ጠመኔውን ሰጠኝ። ሻይ ውስጥ ነክሬ ጻፍኋት፣
ከሁሉ ግርጌ፣ ከሦስት ባዶ ጋር አስቀመጥኋት።

ልጅቱ ዋኘች፤ ኋላ ቀረች።
«ባሕር ከቧት አድጋ!» ብለን ጮኽንባት፣
ተምጫ ሲሞላ ድልድይ ላይ ቆመን
ጎድሎ እስኪያሳልፈን ስንጠብቅ የኖርን።

ስምንተኛው ቀን ላይ ክብደት ማንሳት ነበር፤
አጭር ልጅ ብቅ አለ፣ ትከሻው እንደ በር፤
ከደሴቲቱ ነው። ብረቱን ቁልቁል አየው፣
እንደ ባለ ዕዳ ትንሽ አነጋገረው፣
አነሳ።
አንሙት ከጣራው ላይ «ምን ሆነ?» ይላል፤
ማንም አልመለሰ። የልጁ ጉልበት ይርዳል፤
እንደ ቆመ ነው፤ ሻይ ቤቱ ትንፋሽ የለው፤
ይርሳው ስኳር ማንኪያ ይዞ እጁ አየር ላይ ነው።

አራተኛ ወጣ።

ሰሌዳው ለአራተኛ ቦታ የለውም።
ይርሳው ምንም ሳይል መስመር አሰመረ፣
«አራተኛ» ብሎ፣ ከሥሩ አንድ ጨመረ።
ተማሪዎቹ «ሕጉ አይፈቅድም!» ሲሉ
«ሰሌዳው የማን ነው?» አለ። ዝም አሉ ሁሉ።

ጨዋታው አበቃ። እማዋይሽ ሚስቱ
ሰሌዳውን ጠርጋ ዋጋ ጻፈችበት፦
ሽሮ። ፓስታ። ጥብስ።
ወርቁም ብሩም ጠፋ፣ ያራተኛም መስመር፤
በርጥብ ጠመኔ የጻፉት ግን መች በጨርቅ ይሽር?
ከጥብስ በታች ስሟ ደብዘዝ ብሎ ቀረ።

ትናንት የባሕር ዳር አውቶቡስ ጎማው ተነፈሰ፤
አንድ መንገደኛ ገባ፣ ከወንበር ሳይደርስ
ዝርዝሩን አነበበ፣ በጣቱ ጠቆመ፦
«ያችን ከታች ያለችውን አምጡልኝ» አለ።
ይርሳው ወደኔ አየ፤ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ፤
«እሷ እንኳን» አለው፣
«የምትደርሰው ካራት ዓመት በኋላ ነው።»