ስኮርታ

ቢሮዬ ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ከውሻ ፈቃድ መስጫው በላይ፤
መስኮቱ ወንዙን ያሳያል፣ ወንዙ ግን ከጉም በቀር አያሳይ።
ሠላሳ አንድ ፋይል አለኝ፤ ሠላሳ አንድ ልጅ ማለት ነው፤
አለቃዬ ሎሬታ ግን «ጭነት» ነው የምትለው።

አንተ ዘጠነኛው ነህ። ዌስሊ ሆካንሰን፣ አሥራ አምስት ዓመት፣
አርባ አንድ ቀን ከክፍል የቀረህ፣ ጃኬት የማታወልቅ በቤት።
እናትህ ጃኒን ሌሊቱን ዓሣ ስትበልት ታድራለች፤
ጠዋት በሩን ስትከፍትልኝ ጓንቷን ሳታወልቅ ትቆማለች።
«ተኝቷል» ትለኛለች። አልተኛህም። ከደረጃው ዳር
እግርህ ይታየኛል፣ የካልሲህ ቀዳዳ ጭምር።

ሰባት ጊዜ መጣሁ።
ሰባት ጊዜ ዝምታህን ቅጽ ላይ ልጽፍ ሞከርኩ።
ቅጹ «ተባብሯል» እና «አልተባበረም» ብቻ ነው የሚያውቀው፤
እኔ ከሁለቱ መሃል፣ ባዶው ላይ፣ ምልክት አደረግኩ።
ኮምፒውተሩ አልተቀበለኝም።

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ቶሎ መልስ አይመጣልኝም።
ሐኪም አይደለሁም፣ ዳኛም፤ ዘመድህም አይደለሁም።
ደጅ ጠኚ ነኝ፤ በሰው ልጅ ስም ደጅ የምጠና፣
«አሥራ አንድ ሳምንት ጠብቂ» ሲሉኝ በነጋታው የምደውል እንደገና፣
ስልኩ ላይ ያ ሙዚቃ እስኪያልቅ ጆሮዬን የማላላቅቅ፣
የኢንሹራንሱ ሰው «አይሸፈንም» ሲል ስሙን በፊደል የምጠይቅ።

በስምንተኛው ግን ፖርትላንድ ላይ ቀጠሮ ተገኘ።
የማላውቀው ልጅ ቀርቶ፣
የእሱ መቅረት ላንተ ሰዓት ሆነ።

በካውንቲው መኪና፣ በአሥራ አራት ቁጥሯ፣ እርጥብ ውሻ በምትሸተው፣
የሁለት ሰዓት መንገድ። አንተ መስኮቱን፣ እኔ አስፋልቱን።
ጫካው መሃል ጎማው ተነፈሰ።
ዝናቡ ያው ዝናብ ነው፤ እዚህ አገር ዝናብ ወሬ አይሆንም።

ክሪኩ የት እንደሚገባ መጽሐፉን ስገላልጥ
ወረድክና ከእጄ ወሰድከው።
ጃኬትህን አወለቅክ።
ጭቃው ላይ አነጠፍከው፣ ለጉልበትህ።
«ባትሪውን ያዢው» አልክ። በአራት ወር የመጀመሪያው ቃል።
ያዝኩት።
«በተርታ አይጠበቅም። አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን፤
በተርታ ከሄድሽ ጎማው ይንጋደዳል፣ አንድ ጎኑን ይዞ።»

አራተኛው ቡሎን ላይ፣ ቁልፉን ሳትለቅ፣ ፊትህን ሳታዞር፣
«ማክሰኞ ለት» አልክ፣ «የእማዬን ክኒኖች ስቆጥር ነበር።»

ባትሪው እጄ ላይ አልተንቀጠቀጠም ብል ውሸት ነው።
«በቀጥታ ጠይቁ፣ አትደንግጡ» ብለው አሠልጥነውናል፤
የሠለጠንኩበት አዳራሽ ግን ደረቅ ነበር፣ ብስኩትም ነበረው።
በቀጥታ ጠየቅኩህ።
መለስክልኝ።
አሁንስ? አልኩ። ብዙ ቆየህ።
«አሁን ጎማ እየቀየርኩ ነው» አልክ፣
አምስተኛውን አጠበቅክ፣
ከዚያ ተመልሰህ የመጀመሪያውን።

ለጃኒን ደወልኩላት፤ አጠገቤ ሆነህ ሰማህ።
«ሣጥኑን ቆልፊው» ስላት ጓንቷ ስልኩ ላይ ሲንሿሿ፣
ከዚያ ጓንቷን ስታወልቅ፣ ከዚያ ትንፋሿ።
አርባ ደቂቃ አርፍደን ደረስን። ሐኪሟ ካፖርቷን ለብሳ፣
መብራቱን አጥፍታ ነበር።
አየችህ፤ ጭቃህን አየች፤
ካፖርቷን መልሳ ሰቀለች።

ማታ ቅጹን ሞላሁ። ስለ ማክሰኞ ሦስት ገጽ፣
ከሥሩ ደግሞ፦ «የአገልግሎት ዓይነት፤ ትራንስፖርት።»
የሚቆጠረው በሩብ ሰዓት ነው፤ ሃያ ስድስት ሩብ።
ሎሬታ በእርሳስ ከበበችው፦ ለምን በዛ?

ሐሙስ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ዱዌን
ቁልፉን ይዞ ታገለ፣ ጉልበቱን ጨመረ፣ ተሳደበ፣
በመጨረሻ ቀና ብሎ «ማን ነው ያሠረው?» አለኝ።
«እጅ ያለው ሰው ነው። አንዱም አልላላ።»

ስም መናገር አይፈቀድልኝም።
«አንድ ሰው» አልኩት።