ማክሰኞ ማክሰኞ

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቆርቆሮ በሬ ሲንኳኳ፣
ነጂባ ናት፤ ሁለት ጆንያ በክንዷ፣ በአፏ ያው አንድ ቋንቋ፦
«የሙዝ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሚበሰብሰው በዚህ፤
ፕላስቲክና ጠርሙስ በዚያ። ደህና ዋይ፣ ልሂድ በይ እንግዲህ።»

በመጀመሪያው «እሺ» አልኳት፤ እሺታ አይደለም፣ ይሉኝታ።
በሁለተኛው ልጄን ላክሁ፤ «የለችም በላት» ብዬ በሹክሹክታ።
በአምስተኛው ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ሳያት፣
የመንቲና ጭቃ አንድ ጫማዋን ውጦባት፣
በአንድ እግሯ ቆማ ለእትዬ ዘምዘም ታስረዳለች፤
ያንኑ ቃል፣ ያንኑ ለዛ። ይቺ ሴት መቼ ትሰለቻለች?

በስንተኛው እንደለየሁ እንጃ፤ ሃይላንዱን ለቆራሌው፣
ልጣጩን ለጎመን መደቤ። ለካ ቆሻሻ አይደል ግማሹ፣ ለለየው።
ታዲያ አንድ ቀን መኪናው መጣ፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፍቶ፣
ረዳቱ ሁለቱን ጆንያ ዘረገፈው፣ አንድ ላይ አምታቶ።
ሳቅሁ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ «አየሽ?» ልላት
እስከ ማክሰኞ ጓጓሁ፣ ምላሴን ስስልላት።

መጣች፤ ነገርኳት። አንገቷን ደፋች። ዝናቡ ጃንጥላዋን ይደበድባል፤
ከታች አዌቱ ሞልቶ፣ የማንንም ፌስታል አዝሎ ይወርዳል።
«ለእሱም እነግረዋለሁ» አለች፤ «ሾፌርም ሰው ነው፣ ይሰማል።»
«እስከዚያው ግን፣ የሚበሰብሰው በዚህ...» ስትል፣ ድምጿ ትንሽ ተሰብሮ፣
«ፕላስቲክና ጠርሙስ በዚያ» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።
ልጄ ከጓዳ ሳቀብኝ።
ለካ እሱ ሙሉውን ያውቀዋል፣ ከሁለተኛው ማክሰኞ ጀምሮ።