የተዋስነው ድስት

ባጃጁ ከአርጎብ በሪ ወዲያ ዳገቱ ላይ ለገመ፣
ሾፌሩም «በቃኝ» ብሎ ማሽላው ጥግ ቆመ፤
የቀረውን በእግሬ፣ ሳጥኔን አንግቤ፣
ባዶ ብልቃጥ፣ በረዶ፣ የፈቃድ ቅጽ ደርቤ።

ድንጋይ በድንጋይ ተክባ ገደል አፋፍ ላይ ያለች፣
ኮሮሚ ለባዕድ ሰው ዝም ማለት ታውቃለች።
አዴ ሙርሺዳ ብቻ ደጃቸው ላይ ነበሩ፣
እኔ ቅጹን ሳነብ እሳቸው ማሽላ ሲያበጥሩ።

«ኤች አይ ቪ» ስል ድምፄ አነሰ።
እሳቸው ግን ጮክ ብለው «ድገመው» አሉኝ፤ ደገምኩላቸው።
«ስምዎ አይጻፍም፣ ቁጥር ነው…»
ሰፌዱ ቆመ ከእጃቸው።

«ስማ የኔ ልጅ፤ ድሮም መጥተው ነበር ነጭ የለበሱ፣
ክንዳችንን አስረው ቀድተው፣ ፎቶ አንስተው ተመለሱ።
ደሜ የት አገር ገባ? የት ደረሰ ውጤቱ?
ድስት የተዋሰ እንኳ አጥቦ ይመልሳል ለጎረቤቱ።»

መልስ አልነበረኝም።

«ልጄ ሂንዲያ የሞተች ጊዜ ‹ወባ ነው› አልን ለሰው፤
አፎቻው ሁሉ ቀበራት፣ ማንም ስሙን ሳያነሳው።
ዛሬ ልጇ በየማታው አንዲት ክኒን ይውጣል፣
አሥራ አራት ዓመት ሞላው፤ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይቆጣል።
ያቺ ክኒን መጀመሪያ በማን ሰውነት ተለካች?»

«በሩቅ ሰዎች።»
«ከዚህ ተራራስ?»
«አንድም።»

«እንግዲያ በሰው ድግስ ነው የኖርነው ሳናዋጣ፤
አፎቻ ቢሆን ኖሮ ስማችን ተጠርቶ ቅጣት በመጣ።
ደግሞስ ማን ጠራን? መኪና ግርግር ያለው ሰፊ
ሳይለካህ አይቆርጥም ጨርቅ፤
የእኛን ገላ ያላየ መድኃኒት
ልካችንን በምን ይወቅ?»

ከዚያ ዋጋ ቆረጡ፦
«እምቢ ያለ ሰው ክኒኑን እንዳይነፈግ፤ አንዱ ይኼ ነው።
ሁለተኛው፣ የተገኘውን፣ ክፉም ይሁን ደግ፣
እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ በአፋችን ንገረን።»

«የመጀመሪያው ቅጹ ላይ አለ» አልኩ።
«ሁለተኛውን ቅጹ አይልም። እኔ እላለሁ።»

አውራ ጣታቸው ቀለም ነካ፤ ቁጥር ዜሮ አንድ ሆኑ።
ከጠባቦቹ በሮች ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ፤
ሦስቱ ፈረሙ፤ አራቱ «እናስብበት» አሉ፤
አንዷ በሯን ዘጋች።
መብቷ ነው።

ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ቢሮው ተዘግቷል፤
የባጃጅ ሒሳብ የሚከፍልልኝ የለም።
ዛሬ ሳጥን አልያዝኩም፤ በደረት ኪሴ
በአራት የታጠፈ አንድ ወረቀት፣ በእጄ የጻፍኩት፣
ከሐኪሞቹ ቋንቋ ወደ ሰው ቋንቋ ያወረድኩት።

ዳገቱን ስጨርስ ከሩቅ አዩኝ።
ሰፌዱን አስቀመጡ።
«ዘገየህ» አሉ፣
ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።