የተፋቀው መስመር

ቅዳሜ ሲነጋ ባልዲዬን አንስቼ፣
ዳገቱን ወጣሁት፣ የብረት በር ገፍቼ።
ስካርዊክ ከታች ናት፤ ጣሪያዋ ጭጋግ ነው፣
ባሕሩ አይታይም፤ ሲያንኮራፋ ግን ይሰማኛል፤ ያው ነው።

ሐውልቱ ይኸውና፦ ጥቁር ነው፣ ወደ ኋላ ጋደል ያለ፣
ከአናቱ መልሕቅ አለው፤ የሚያቆመው መርከብ ግን የታለ?
ጀርባውን ለመንደር፣ ፊቱን ለውኃው ሰጥቶ፣
ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል፣ ዕዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተግቶ።

ስሞቹን አጥባለሁ። ከላይ ነው የምጀምር፦
አብድዩ ግሪንዌል፣ አዛዡ፣ አንካሳው፣ ሲቆጣ የሚያስፈር።
ኤፍሬምና ያቤጽ፣ የአንድ እናት ልጆች፣ በአንድ ቀን ሁለት ከል፤
ዊልፍሬድ ስቶው ጫማ ሰፊው፣ መዋኘት እንኳን የማይችል።
የድንጋይ ሽበት ነው በየፊደሉ ጉድጓድ የሚያድር፣
በጥርስ ብሩሽ ካልሆነ አይለቅም፤ ጣቴ እስኪደነዝዝ ልቆፍር።

ከሰባተኛው ስም ወደ ስምንተኛው ስወርድ ግን፣
ብሩሹን አስቀምጬ እጄን ነው የምልክ፣ ባዶ እጄን።
እዚያ ላይ ፊደል የለም። ተፍቋል። ለስልሶ ጎድጉዷል፤
መሮ የጻፈውን ያው መሮ መልሶ በልቶታል።

በበጋ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጎድጓዳውን በጣት ነክተው
«ይሄስ ማን ነበር?» ይሉኛል። «ጠራቢው ተሳስቶ ነው»
እላለሁ። አልዋሸሁም። ግን እውነቱን አልጨረስኩም።
ሲላስ ኮልበርን ነበር፤ የቅድመ አያቴ ስም።

ያን ሌሊት፣ በጥር፣ ርችት ሁለት ጊዜ ሲተኮስ፣
የከሰል መርከብ ነበረች አሉ፣ አሸዋው ላይ ወጥታ የምታለቅስ።
ሲላስ ከአልጋው ዘሎ፣ ሱሪውን እየታጠቀ ሮጠ፤
ዝናብ መንገዱን ሞልቶት፣ ጭቃው ቦት ጫማውን ዋጠ።
ጎንበስ አለ ሊያወጣ። በቃ፤ ይኸው ነው ነገሩ ሁሉ፤
ቀና ሲል ጀልባዋ ሄዳለች፤ መቅዘፊያዎቿ ውኃ ይመታሉ።
በሱ ቦታ የተቀመጠው፣ የሱን የቡሽ ሰደርያ የታጠቀው፣
አሞጽ ፔል ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ ሊያይ ነበር የመጣው።

አልተመለሱም።

በሦስተኛው ቀን ጀልባዋ መጣች፤ ብቻዋን፣ ተገልብጣ፣
እንደ ኤሊ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ማንንም ሳታመጣ።
የከሰል መርከቧስ? እሷማ ንጋት ላይ ማዕበል አንስቷት፣
በራሷ ጊዜ ወደብ ገባች፤ አንድ ገመድ ብቻ ጎድሏት።

ጠራቢው ክሮፍት ነበር፤ ስሞቹን የሰጡት ከደብተር፤
በደብተሩ ሲላስ አለ፤ በለቅሶ መሃል ማን ይቁጠር?
ስሙን ቀርጾ ጨረሰ። ባለስሙ መጥቶ ቆመ፤
ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀመ።
«ፋቀው» አለ፤ «የኔ አይደለም፤ የልጁን ጻፍበት ከላዩ።»
ክሮፍት ፋቀ። ጎደጎደ፤ ሌላ ስም አልሸከም አለ ድንጋዩ።
አሞጽ ስለዚህ ከታች ነው፤ ከሣሩ ጋር አፍ ለአፍ ገጥሞ፣
በትንንሽ ፊደል ተጣቦ፣ ከሁሉም በኋላ ቆሞ።

ሲላስ አርባ ዓመት ኖረ። ባሕር አልገባም ዳግመኛ፤
ሽንኩርት ተከለ፣ ልጆች ወለደ፤ በልቶ አደረ፤ ግን አልተኛ።
በየቅዳሜው በባልዲ ውኃ ሲያጥብ ይህን ድንጋይ፣
የፔል እናት በአጠገቡ ታልፍ ነበር፤ ሰላም ሳትለው፣ ሳታይ።
አንድ ጠዋት ብቻ፣ ሁለቱም አርጅተው፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ አየ፦
ግራ እግር ቦት ጫማ፣ ቆዳው በጨው የነጣ፣ ከጥንዱ የተለየ።
ሠላሳ ዓመቱ። ማን አወጣው ከጭቃ? የትስ ደበቀው?
እስኪሞቱ ድረስ አንዱም ሌላውን አልጠየቀው።
ይቅርታ ይሁን ክስ፣ እኔም እስካሁን አልገባኝ፤
ቦቱ ግን ቤቴ አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ነው የሚሸተኝ።

ማጠቡን ጨረስኩ። የባልዲው ውኃ በፊደሎቹ ወርዷል፣
በተፋቀው መስመር ላይ ግን ጥቂት ቀርቷል።
ድንቢጥ መጣች። ጠጣች። ዙሪያዋን አየች። ደግማ ጠጣች።
እኔ ከመነሣቴ በፊት
ሌላዋን ጠርታ ነበረች።